ጠቧል ተብሎ የተፈረደበት ሐዲድ፦ ከኮምቦልቻ ሲታይ

የጅቡቲና የአዲስ አበባ የቀድሞው ምድር ባቡር ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚደገም አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም ሐዲዱ በ1 ሜትር ስፋት መዘርጋቱ የአርቆ አሳቢነት ጉድለት ነበር የሚል ነው። ዛሬ በብዛት የተለመደው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ፍርዱ ትክክል ይመስላል። እኔ ግን ኮምቦልቻ ላይ ሆኜ ስሰማው አልዋጥልህ ይለኛል።

ጠባብ ሐዲድ የሚመረጠው ባለማወቅ አልነበረም። ባቡሩ ጠበብ ያለ ኩርባ መዞር ስለሚችል ተራራ መቁረጡና ገደል መሙላቱ ይቀንሳል፤ ድልድዩም ሐዲዱም ቀለል ባለ ወጪ ይሠራል። በዚህ ሁሉ ቁጠባ እንኳ መስመሩ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ በቆላው አልፎ ሄዷል፤ የድሬዳዋ ከተማ የተወለደችውም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንግሊዞች በ1896 እ.ኤ.አ. ከሞምባሳ የጀመሩት የኡጋንዳ መስመርም በዚያው በ1 ሜትር ስፋት የተሠራ ነበር።

ሥራውን በእርግጥ ያሰናከለው ሌላ ነው። አጼ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፣ ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 በድጎማ ስም እጁን አስገባ፤ ንጉሡ ሳይማከሩበት በተደረገው በዚህ ስምምነት ተቆጡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ድሬዳዋ የደረሰውም ባቡር እዚያው ለዓመታት ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የቆመውም ሆነ በኋላ የቀጠለው መስመር ስፋቱ ያው 1 ሜትር ስለሆነ፣ ለመዘግየቱ ስፋቱን ተጠያቂ ማድረግ ማስረጃውን መጋፋት ነው።

ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ፣ መንገደኛውም ድሬዳዋና አዋሽ ያድር እንደነበር እየተጠቀሰ ይቀለድበታል። በዚያ ዘመን የደሴ ነጋዴ ጭነቱን በበቅሎና በአህያ እያስጫነ ወደ ባሕር ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበት ስለነበር፣ ቀልዱ ለእሱ የሚገባው አይመስለኝም።

ተቺዎቹ ልክ የሚሆኑበት አንድ ነጥብ ግን አለ። ጣሊያን በኤርትራ በ950፣ ሱዳን በ1,067፣ የእኛው ደግሞ በ1,000 ሚሊ ሜትር በመሠራታቸው፣ ጎረቤታሞቹ መስመሮች ቢገናኙ እንኳ አንዱ የሌላውን ፉርጎ ሊቀበል አይችልም ነበር። ይህ ግን ከመሐንዲሶቹ ይልቅ ቀጠናውን የተቀራመቱትን ኃይሎች ይመለከታል።

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የወሎ መስመር ደግሞ በ1,435 ሚሊ ሜትር ነው የተዘረጋው። በ2015 እ.ኤ.አ. ግንባታው ተጀምሮ፣ በኃይል አቅርቦትና በገንዘብ እጥረት ላይ ጦርነት ተጨምሮበት፣ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት አስቆጥሯል። ነገ ታሪኩን የሚጽፍ ሰው የሐዲዱን ወርድ ከመለካቱ በፊት የብድሩን ውልና የኤሌክትሪክ መስመሩን ቢመረምር ይሻለዋል።