ጆርናሎቻችን ማርጅን ይለካሉ፣ የአባት ስም ግን አያውቁም

ካቻምና ክረምት የጥናት ጽሑፌን ለአንድ የአገር ውስጥ ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ልኬ በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። እንዲህ ፈጥነው አነበቡት ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር። ኢሜይሉን ስከፍተው ለካ ማንም አላነበበውም። «ማርጅኑ በመመሪያው መሠረት አይደለም። ሠንጠረዦቹ ወደ መጨረሻ ይሂዱ። አስተካክለው እንደገና ይላኩ» ይላል። ማርጅን ማለት በገጹ ዳርና ዳር የሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ጽሑፉ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እድር እንዴት እንደሚቋቋም ነው፤ ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ስለ እድሩ አንዲት ቃል የለም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በዚያ ሳምንት ደግሞ መብራቱ መጣ ሲባል ይሄዳል። ፍላሼን ይዤ መንገድ ዳር ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ፤ እነሱ ጄኔሬተር አላቸው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ፎርማት ስታደርግ ነው የምትውለው። ከፍታ አየችውና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጥረዛ ነው። ግራው ሰፍቷል።»

እውነቷን ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ጠራዡ እንዳይበላው ተብሎ በግራ በኩል ይሰፋል። ያ ልማድ ሳላውቀው አብሮኝ ኖሯል። አራቱንም ጎን 2.54 ሳንቲሜትር አደረገችልኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያኔ ነው የገባኝ፤ አንድ ኢንች ማለት ነው። ጨርቅ በሜትር የምንገዛ ሰዎች የአሜሪካ ኢንች በነጥብ ተተርጉሞ ተሰጥቶናል።

ፎርማት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የመስመር ቁጥር ሲኖር ገምጋሚው «መስመር 212 ላይ» ብሎ ማረም ይችላል። ሰፋ ያለ የመስመር ክፍተትም በእስክሪብቶ ለማረም ታስቦ የመጣ ነገር ነው። የጸሐፊው ስም ከጽሑፉም ከፋይሉ መረጃም ይውጣ መባሉ ደግሞ ለፍትሕ ነው፤ ገምጋሚው ወዳጅህ ሊሆን ይችላል፣ ጠላትህም እንዲሁ። የኔ ቅሬታ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተቀባይነት ማግኘቱ ላልታወቀ ጽሑፍ ለምን አስቀድመን እናስጌጣለን? ጽሑፉ ሪጀክት ከተደረገ ሌላው ጆርናል ሌላ ልብስ ይጠይቃል። ያኛው ዋቢውን በቁጥር፣ ይሄኛው በስምና በዓመት።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከ41 አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎችን ጠይቆ ነበር። አንድን ጽሑፍ ፎርማት ለማድረግ የሚጠፋው ጊዜ መካከለኛው 14 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ይሄ መብራት ሳይጠፋ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ታሪኩ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ጥቂት የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው አንድ የጋራ ደንብ ለማውጣት ተነሱ። ጸሐፊው ለየጆርናሉ እንደ አዲስ በታይፕ ከመጻፍ እንዲገላገል ነበር። ዛሬ «ቫንኩቨር» ማለት ከብዙዎቹ የዋቢ አጻጻፎች አንዱ ነው፤ ስትፈልግ አጥና፣ ሳትፈልግም አጥና።

አሁን በርካታ የትልቁ አሳታሚ የኤልሴቪየር ጆርናሎች እንኳ መጀመሪያ ሲላክ የራሳቸውን ስታይል አይጠይቁም። ዋቢው የተሟላና ወጥ ይሁን እንጂ በፈለግከው መልክ ይቀበላሉ። ፎርማቱ የሚመጣው በኋላ ነው። የኛዎቹም ይህንኑ ማድረግ ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። አርታኢዎቻችን ከማስተማር የተረፈቻቸውን ሰዓት እየሰጡ እንደሚሠሩ አውቃለሁ። ገምጋሚ ለምነው ነው የሚያገኙት። ማርጅን ማየት ደግሞ ማንንም መለመን አይጠይቅም፤ ለዚህ ይመስለኛል መጀመሪያ የሚታየው። ግን ጽሑፍ አሳትሞ ዕድገት የሚጠብቅ መምህር ሦስቴ ሲመለስበት ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ማርጅን የማይጠይቁ ጆርናሎች ሞልተዋል፤ የሚጠይቁት ዶላር ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን መመሪያው የማይለው ነገር ነው። ስምንት ገጽ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የፊደሉን መጠን፣ የመስመሩን ክፍተት፣ የሠንጠረዡን መስመር ሳይቀር ይነግረኛል። የአባት ስም ምን እንደሚደረግ አይነግረኝም። «የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የመጀመሪያ ስም ምህጻር» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ የሚባል ሰው ሲጠቀስ «ከበደ፣ አ.» ይሆናል። አቶ ከበደ ምናልባት ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ናቸው፤ ዋቢው ላይ ግን ተመራማሪው እሳቸው ናቸው። የአበበ እህት አልማዝም ብትጽፍ «ከበደ፣ አ.» ናት። አንዳንዱ ይህን ሲሸሽ የአያቱን ስም አንድ ጊዜ ይጨምራል፣ አንድ ጊዜ ይተዋል፤ የጥናት ጽሑፎች በሚፈለጉበት ጉግል ስኮላር ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይወጣል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አኃዝ መለያ በነጻ ይሰጣል፤ ያላወጣ ያውጣ። ቁጥሩ ሰውየውን ይለየዋል እንጂ ስሙን አይመልስለትም።

መፍትሔው አዲስ ነገር መፍጠር አይጠይቅም። ሃምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ ሲወጣ ኢትዮጵያውያንን የደረደረው በራሳቸው ስም ነው። ጀርመን አገር የታወቀ ነገር እዚህ እንዴት ይጠፋል?

ወደ እድሬ ልመለስ። በስምንተኛው ወር የገምጋሚ አስተያየት መጣ። ጽሑፌ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን የተረከቡት በ2016 ነው ይላል። ዋቢው ላይ ደግሞ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለ፣ 2009። ገምጋሚው «እድሩ ከሰዎቹ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው የፈረንጅ፣ ሁለተኛው የኛ ዘመን ነው። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አልክድም። መመሪያው ግን የቱን አቆጣጠር እንደምጠቀም አልነገረኝም። ደንቡን አውጥቼ ወሩን ልፈልግ ብል ክቡ ማህተም ልክ ወሩ ላይ አርፏል፤ ከሥሩ የሚነበበው ዓመቱ ብቻ ነው። ወሩ ካልታወቀ 2009 ዓ.ም. ማለት ወይ 2016 ወይ 2017 ነው። ሁለቱንም መጻፍ ግድ ነው።

ሌላም ነበር። አንዲት እናት ዕቃቸውን ሳይፈቱ እድር ለምን እንደገቡ ስጠይቃቸው «ቀባሪ አያሳጣኝ ብዬ ነዋ» አሉኝ። ይህን በእንግሊዝኛ ብቻ ማስቀመጥ ከበደኝና አማርኛውንም በግዕዝ ፊደል አስገባሁት። ገምጋሚው ጋ የደረሰው የባዶ አራት ማዕዘን ሰልፍ ነው። ፊደላችን ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ፒዲኤፉ ሲዘጋጅ ፎንቱን አብሮ መክተት ይበቃ ነበር። ይህን የምትል አንዲት መስመር በስምንት ገጽ ውስጥ የለችም። እዚሁ አገር በሚታተም ጆርናል።

አራት ማዕዘኖቹን አስተካከልኩ። ዋቢው ላይም 2009 ዓ.ም. (2016/17) ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ፣ ተመስገን። ባለፈው ወር የመጨረሻው የእርማት ቅጂ መጣልኝ። ቅንፉ ወጥቷል፣ «ዓ.ም.»ም ወጥቷል፤ 2009 ብቻ ቀርቷል። ጎኑ ላይ በቀይ «በጆርናላችን አጻጻፍ ዓመት አንድ ብቻ ነው» ተብሏል።

ማርጅኑ ልክ ነው። ለክቼዋለሁ።