ሁለት ዙርባ ጫትና አንድ ቃል

ክርክሩ የተነሳው ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አጠገብ፣ ጀበና ቡና ላይ ነው። የአንዷ ጠጪ ወንድም አሜሪካ ሆኖ በፖስታ የመጣለት ሁለት ዙርባ ጫት ተይዞበት ተከሷል። ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለውም። ዐቃቤ ሕጉ «እመን፣ አትታሰርም፣ አንድ ዓመት ቁጥጥር ብቻ» ብሎታል። መልሱ ለሰኞ ነው።

የመኪና ደላላው ቀደመ። ድርድር የተባለ ሁሉ የእሱ ሥራ ይመስለዋል። «ምን ያስጨንቃችኋል? እዚያ አገር እኮ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ግድ አይደለም። ‹አልከራከርም› ይበልና ይውጣ። ‹ንጹሕ ነኝ፣ ቅጣቱን ግን እቀበላለሁ› የሚባልም አለ። ፊልም ላይ አይቻለሁ።»

ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ልጄ። እኛ ጋ ‹አምኛለሁ፣ ግን› ያለውን ሰው አላመነም ብለን ነበር የምንጽፈው።» እውነታቸውን ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 134 የሚቀበለው ክሱን ያለ ገደብ ያመነን ብቻ ነው።

ደላላው የጠቀሳቸው ሁለቱም ቃሎች በእርግጥ አሉ። ግን «አልከራከርም» ዋና ጥቅሙ፣ ኋላ ካሳ የሚጠይቅ ሰው በፍትሐ ብሔር ቢመጣ እንደ እምነት ቃል አለመቅረቡ ነው። በጫት ክስ ካሳ የሚጠይቀው ማነው፣ ጫቱ? ሌላኛው ስሙን ያገኘው አልፎርድ ከተባለ የሰሜን ካሮላይና ተከሳሽ ነው። ሞት እንዳይፈረድበት ፈርቶ «አልገደልኩም» እያለ ሁለተኛ ደረጃ ግድያን አመነ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1970 አጸናበት። የተፈረደበት 30 ዓመት ነው።

«ያው ነፍሱ ተረፈች አይደል እንዴ ጋሼ?» አለ ደላላው።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ!»

ልጅቷ ግን ከወንድሟ ጋር ስልክ ላይ ያደረች ናት፤ ፍሬ ነገሩን ያመጣችው እሷ ነች። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ «ጥፋተኝነት» ለሚለው ቃል የራሱ ትርጉም አለው። ሰውየው «አምናለሁ» ወይም «አልከራከርም» ካለና ዳኛው ማንኛውንም ቅጣት ወይም ቁጥጥር ካዘዘበት፣ ተፈርዶበታል ማለት ነው። ያ አንድ ዓመት አልቆ መዝገቡ ቢዘጋ እንኳ ግሪን ካርዱ አደጋ ላይ ነው። 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ማሪዋና ለራሱ ይዞ አንድ ጊዜ የተገኘ ሰው ከመባረር የሚድንበት ቀዳዳ አለ፤ ጫት ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። «ለመሸጥ» የምትለዋ ቃል ከተጨመረችማ መውጫው ሁሉ ይዘጋል ማለት ይቀላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን መልስ «አላመንኩም» ነው። ውሸት አይደለም፣ ጊዜ መግዣ ነው። ካላመንኩም ወደ አምናለሁ መሄድ ይቻላል፤ መመለሱ ግን ከቅጣት በፊት እንኳ ዳኛን የሚያሳምን ምክንያት ይጠይቃል፣ ከቅጣት በኋላ ደግሞ መንገዱ እጅግ ይጠባል። ቀጥሎ የላቦራቶሪ ውጤት ይጠየቅ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አንደኛ ሠንጠረዥ (በጥብቅ የተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር) ላይ ያስቀመጠው በእርጥቡ ጫት ውስጥ ያለውን ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ከወንዶ ገነት የሚመጣው በኮባ ቅጠል የሚጠቀለለው እርጥበቱ እንዳይሄድ ነው፤ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ካቲን ይለወጣል፣ ካቲን ደግሞ ቀለል ባለው አራተኛ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ሳያምኑ በፊት የሚገባበት የሕክምና ወይም የትምህርት ፕሮግራም ካለ እሱን መለመን። ካሊፎርኒያ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕጓን የቀየረችው ሰው አምኖ ከገባ በኋላ ይባረር ስለነበር ነው። አራተኛው ክሱን ማስለወጥ ነው። ካንሳስ ውስጥ አንድ ቱኒዚያዊ ካልሲው ውስጥ አራት ክኒን ተገኝቶበት፣ ያመነው ግን «የዕፅ መያዣ ዕቃ» በሚል ነበር። ዕቃው ካልሲው ነው! መዝገቡ የዕፁን ዓይነት ስላልጠቀሰ እ.ኤ.አ. በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መባረሩን ሻረለት።

«እና የተመደበለት ጠበቃ ይህን ካልነገረውስ?» አለች።

ሊነግረው ግዴታው ነው፤ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በወሰነው የፓዲላ ጉዳይ ያለው ይኸው ነው። ግን ካልጠየቁት ሰኞ ጠዋት ኮሪደር ላይ «እዚህ ጋ ፈርም» የሚል ጠበቃ ሞልቷል።

ደላላው አሁንም «ቶሎ ቢገላገል» ይላል። ቶሎ! ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰምቶ ሁለቴም ስቋል። ዘመኑም እንደሱ ነው፤ ሕግ ከፊልምና ከሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ይቀዳል፣ ዕድሜውን መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ሲናገር ስልክ ይነካካል። ጫቱን የላከው ዘመድስ? ካርቶኑ ላይ «ሻይ ቅጠል» ብሎ ጽፎ፣ አሁን ስልኩን ዘግቷል። ለሠርግ ሊሞዚን በአንድ ምሽት የሚያዋጣ ዘመድ አዝማድ፣ ለአንድ ሰዓት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ምክር አዋጡ ሲባል «ጉዳዩ እኮ ቀላል ነው ተብሏል» ይላል። ማን አለ? ደላላው።