ዱብሮቭኒክ ጎረቤት አጥታለች

በ2023 (እንደ ፈረንጆቹ) የክሮኤሺያዋ የባሕር ዳር ከተማ ዱብሮቭኒክ እንግዶቿን አንድ ነገር ለመነች። እባካችሁ ሻንጣችሁን በድንጋዩ ላይ አትጎትቱ፣ ተሸከሙት አለች። የውጭ ሚዲያ ተሳለቀባት። አንዳንዱማ ቅጣት አለው ብሎ ዘገበና ከተማዋ ማስተባበል ነበረባት።

እኔን ግን አላሳቀኝም። በጥንቱ የከተማ ግንብ ውስጥ ያለው አሮጌው ከተማ መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ የድንጋይ ቤት፣ መሬቱ ድንጋይ፣ ብዙው ደግሞ ደረጃ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ አውሮፕላን ሊያመልጠው ያለ ሰው ሻንጣውን ቋ፣ ቋ እያደረገ ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። የሚነቃ ሰው ከተገኘ ማለቴ ነው።

በ1991 በግንቡ ውስጥ 5,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ 1,500 ቢሞላ ነው። ይቺ ከተማ ደግሞ በቀላሉ የምትለቀቅ አልነበረችም። በ1667 የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ክፍሏን አፈራረሰው። በ1991 የዩጎዝላቪያ ጦር ከብቦ በመድፍ ደበደባት። ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ ጣሪያውን መልሶ ሠርቶ ኑሮውን ቀጠለ። መድፍ ያላስወጣውን ሰው አሁን የአዳር ኪራይ እያስወጣው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በበጋ ለቱሪስት በአዳር የሚከራይ ክፍል ለቤተሰብ በወር ከሚከራየው በብዙ እጥፍ ያስገባል። ቤተሰቡ ከግንቡ ውጭ ይወጣል። ደንበኛው ሲሄድ የሰፈሩ ሱቅም ማግኔትና የድራጎን አሻንጉሊት መሸጥ ይጀምራል። አከራዩን ለመውቀስ ግን አፌ አይደፍርም። ብዙው የከተማዋ ልጅ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በእግሩ ያቆመውም ይኸው ገቢ ነው።

የከተማው አስተዳደር ዝም አላለም። የሽርሽር መርከቦችን በቀን ሁለት፣ ተሳፋሪውን ደግሞ በአንድ ጊዜ 4,000 ላይ ገድቧል። ጥሩ ነው፤ የእኩለ ቀኑ ግፊያ ይቀንሳል። ግን የመርከቡ ተሳፋሪ ማታ ይሄዳል፤ ቤቱን የያዘው እሱ አይደለም። ሰው መልሶ የሚያስገባ እርምጃ የምለው ሌላውን ነው፦ በአሮጌው ከተማ አዲስ የአዳር ኪራይ ፈቃድ መከልከሉን፣ ከተማውም ቤት እየገዛ በአነስተኛ ዋጋ ለቤተሰብ ማከራየት መጀመሩን።

ከተማዋ የጥቂቶች የግል ንብረት አትሁን የሚለው ሐሳብ ለዱብሮቭኒክ እንግዳ አይደለም። ድሮ ራጉሳ በሚል ስም ነፃ ሪፐብሊክ ሳለች፣ ናፖሊዮን በ1808 እስኪያፈርሳት ድረስ፣ መሪዋ ሥልጣን ላይ የሚቆየው አንድ ወር ብቻ ነበር። ማንም ከተማዋን የግሉ እንዳያደርጋት ተብሎ ነው። በሎቭሪየናጽ ምሽግ በር ላይም ነፃነት በዓለም ወርቅ ሁሉ እንደማይሸጥ በላቲን ተቀርጿል። አሁን ቱሪስቱ ከሥሩ ሰልፊ ይነሳል።

ችግሩ ቤት መግዛት ውድ ነው፣ የከተማው ካዝናም አይችለውም ይባላል። በግንቡ ላይ ለመዞር እኮ አንድ አዋቂ 40 ዩሮ ገደማ ይከፍላል! ከላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳውም የሰው ልብስ የተሰጣበትን ጓሮ ነው። ከእያንዳንዱ ትኬት አምስት ዩሮ ለቤት መግዣ ይቀመጥ። ከመርከቦቹም በተሳፋሪ ልክ እንዲሁ ይጨመር። የተገዛው ቤት ቢያንስ አስር ዓመት ለሚኖርበት ቤተሰብ ይሰጥ፤ በአዳር ቢያከራየው ይነጠቅ። የመርከብ ኩባንያዎቹ ይጮሃሉ። ይጩሁ።