ይድረስ ለክቡር ዓሣ ጫኝ መኪና

ቁጥር፦ ባዶ/ባልዲ/01
ጉዳዩ፦ የምሳ ዕቃዬን መበርበር ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ታንከርዎ፣ የኦክስጅን ቱቦዎ፣ ከኋላ ከኋላዎ የማይለዩት ፒክአፖችስ ደኅና ናቸው? እኛ በቨርጂኒያ ወንዞች ዳር ቆመን መንጠቆ የምናጥብ ወገኖችዎ፣ ዓሣ ከማጣታችን በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እርስዎን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ ላስተዋውቅ። እዚህ አገር ወንዙ የሕዝብ ነው፤ ትራውት የሚባለው ዓሣ ግን ብዙ ቦታ በመኪና ይመጣል። ማራቢያ ገንዳ ውስጥ እንክብል መኖ እየተቀለበ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ያድግና፣ ታንከር ላይ ተጭኖ መጥቶ ወንዝና ኩሬ ውስጥ ይገለበጣል። ከዚያ እኛ እናጠምደዋለን። ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው።

ወረቀት ካነሣን ዘንድ፣ ለማጥመጃ ፈቃድ 23 ዶላር ከፍያለሁ። ከኦክቶበር 1 እስከ ጁን 15 ትራውት በሚለቀቅበት ውኃ ለማጥመድ ደግሞ የትራውት ፈቃድ የሚባል አለ፤ ሌላ 23 ዶላር። ትራውት ዓሣ አይደለም ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» የተባለ ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አያነሣም።

እንግዲህ ያለፈው ሐሙስ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ቅዳሜ እንግዳ አለብን፣ ባለቤቴ ዓሣ ዱለት እሠራለሁ ብላለች። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ። እኔ ቤት ይበላል፤ የንስሐ አባቴም ያውቃሉ።) ፈረቃዬን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ከድልድዩ ሥር ካለው ጥልቅ ቦታ ዳር ቆምኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ቢሆንም ቦታው የእኔ ነው።

ረፋዱ ላይ እርስዎ ከች አሉ። ከኋላዎ ፒክአፕ፣ ከፒክአፑ ኋላ ሌላ ፒክአፕ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። ከማራቢያው በር ጀምረው ጎማ ለጎማ የተከተሉዎት ናቸው። ሾፌርዎ ወርዶ መረቡን ታንከሩ ውስጥ ነከረ። የመጀመሪያው መረብ ዓሣ ውኃው ላይ ሲገለበጥ፣ ጃንሜዳ የጥምቀት ጸበል ሲረጭ ሕዝቡ የሚሆነውን ሆነ። በግራዬ ሦስት ዘንግ፣ በቀኜ አራት፣ በትከሻዬ ላይ አንድ። የአንዱ መንጠቆ ኮፍያዬን ይዞት ሄደ። «ሶሪ ማን!» አለኝ፤ ኮፍያውን ግን አልመለሰልኝም፣ ዓሣ ይዞለት ነበርና። ክሬ ከማን ክር ጋር እንደተቋጠረ እንኳ ማወቅ አልቻልኩም። አቀርቅሬ ቋጠሮ ስፈታ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ስድስተኛውን አውጥቶ ሰንሰለቱ ላይ ሰካ። ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ነው የሚለው፤ እሱ ሲጨርስ እኔ አልጀመርኩም። ቀና ስል ፒክአፖቹ የሉም፣ እርስዎም የሉም፣ ዓሣውም የለም። የቀረነው የማጥመጃ በቆሎ ጣሳዎች፣ አንድ የማጥመጃ ሊጥ ብልቃጥና እኔ ነን።

ፈቃድ የሚፈትሸው ጠባቂ የደረሰው ይኼኔ ነው።

ትሑት ሰው ነበር፣ አልዋሽም። ሁለቱንም ፈቃድ ስልኬ ላይ አየ። «ስንት ያዝክ?» አለኝ። «ምንም።» ውኃውን አየ፣ እኔን አየ። «ዛሬ እኮ ነው የተለቀቀው» አለ። ዓሣ የያዘው ሁሉ ሄዷል፤ ለፍተሻ የተረፍኩት ባዶ እጄን የቆምኩት እኔ ነኝ። የበረዶ ሳጥኔን እንድከፍት ጠየቀኝ፣ ከፈትኩ። ውስጡ በፎይል የተጠቀለለ ነገር አለ። ገለጠው። ቀይ፣ እርጥብ፣ ሊጥ ሊጥ የሚል፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ጠጋ ብሎ ሲያሸትተው በርበሬው ሁለት ጊዜ አስነጠሰው፤ ዓይኑን እየጠረገ፣ ከልቡ እያደነቀ፣ «ይህን ማጥመጃ ራስህ ነህ የምትሠራው?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ የጾም ፍርፍር ነው። ባለቤቴ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንድበላው የቋጠረችልኝ ፍርፍር።

በጠባቂው አልፈርድም። እርስዎ የሚያመጧቸው ዓሦች ዕድሜያቸውን ሙሉ እንክብል ሲለቅሙ ኖረው ትል ቢያዩ የሚደነግጡ ናቸው፤ ስለዚህ አጥማጁ ሁሉ ቀለምና ሽታ ያለው ሊጥ በብልቃጥ እየገዛ ይወረውርላቸዋል። በዚህ ሒሳብ ፍርፍር ቢጠረጠር ምን ይገርማል! ግን «ምሳዬ ነው» ብዬ ብምል ብገዘት ሰውዬው ፈገግ ከማለት በቀር ስላላመነኝ፣ ለማስረጃ አንድ ጉርሻ ጎረስኩለት። ሰዓቱ ገና አምስት ተኩል ነበር። በእርስዎ ምክንያት ጾም ፈታሁ ማለት ነው፤ ይህንንም ለንስሐ አባቴ የምነግረው እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም።

ስመለስ ሱፐርማርኬት ገብቼ ትራውት ገዛሁ። ባለቤቴ ፌስታሉን ከፍታ አየችና፣ «እዚያ ወንዝ ዓሣው ዋጋው ተለጥፎበት ነው እንዴ የሚወጣው?» አለች። እንግዶቹ ፊት ደግማዋለች።

የቆየውን ቅሬታ በዚሁ አጋጣሚ ላንሣ። የሚመጡት በሥራ ቀን ነው። የዕለቱ ዝርዝር ለእኛ ለተራዎቹ ሲወጣ ዓሣው የሰው መጥበሻ ላይ ነው። ከአስፋልት አይወርዱም፤ ወንዙ ስንት ማይል እየሄደ ዓሣው በሙሉ መኪና የሚያቆምበት ድልድይ ሥር ይከመራል። ማጥመድ ነው ወይስ ከመኪና ማውረድ?

ስድስቱን መኪናው ውስጥ ሸጉጦ፣ ጃኬት ለውጦ ለሌላ ስድስት የሚመለሰውን ሰው አይቼዋለሁ። አንተም አይተኸዋል፤ ሁልጊዜ ከኋላህ ያለው እሱ ነው። ትልቁን ሲያገኝ ትንሹን ከሰንሰለት ፈትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውሮት ይሄዳል፤ የሞተ ዓሣ፣ ለማንም ያልሆነ፣ ድመት እንኳ ያላገኘው። ከልጅ ልጃቸው ጋር ቅዳሜን የሚጠብቁ ሽማግሌ ወንበራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ ውኃው ውስጥ የሚያገኙት የተበጠሰ ክር ነው። ልጅቷ ክሩን እየሳበች «ያዘልኝ!» ትላለች። እሳቸውም ፈቃድ ገዝተዋል። ያ ዓሣ በእሳቸውም ገንዘብ ነው ያደገው። ለእኔ ግን በየጊዜው የሚደርሰኝ ቁጥር ይህን ያህል ሺህ ዓሣ ተለቀቀ የሚል ነው፤ ለስንት ሰው ደረሰ የሚለውን የሚነግረኝ የለም። ማን በላው? ንገረኛ!

ወደ አክብሮቴ ልመለስ። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ዓሣ ቢኖር እንኳ ቆላው ጅረት ጁላይ ላይ ይጨርሰዋል፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ትራውት ይጨንቀዋል፣ ከዚያም ይሞታል። በየዓመቱ ገልብጦ በየዓመቱ መጨረስ።

የአገሩ ተወላጅ፣ ብሩክ ትራውት፣ ላይ ሼናንዶዋ ተራሮች ቀዝቃዛ ጅረቶች ውስጥ አለ። መዳፍ የሚያክል ነው፤ ሆዱ ብርቱካናማ፣ የታችኛው ክንፉ ጠርዝ ነጭ። ቨርጂኒያ በፈረንጆቹ 1993 የስቴቱ ዓሣ ብላ ሾማዋለች። እርስዎ የሚጭኗቸው ሬይንቦውና ብራውን የሚባሉት ትራውቶች ግን መጤ ናቸው፤ አንዱ ከፓስፊክ ዳርቻ፣ ሌላው በ1880ዎቹ ዕንቁላሉ ከጀርመን በመርከብ ተጭኖ የመጣ። እኔም መጤ ነኝና በመጤ ላይ አፌን አልከፍትም። ነገር ግን እነሱ በገቡበት ጅረት ተወላጁ ቦታውንም ምግቡንም ይነጠቃል፣ ብራውን ሲያድግ ደግሞ ጫጩቱን ይውጠዋል። የተሾመው ዓሣ ተራራ ለተራራ ሲሸሽ የሚኖር ከሆነ ሹመቱ ምን አደረገለት?

መጤ ትራውት እኮ ባሌም አለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ወይብን በመሰሉ የተራራ ጅረቶች ተለቀቀ፤ እዚያ ታንከር ሳይመላለስለት ራሱ እየተራባ ይኖራል።

የምለምንዎት ብዙ አይደለም። ቀንዎንና መንገድዎን ያቀያይሩ፤ አንዳንዴ ዓርብ ማታ ጨለማ ሲይዝ ይምጡ። ዓሣውን አንድ ጉድጓድ ውስጥ አይዘርግፉት። በጎ ፈቃደኞች ባልዲ እየያዙ ወንዙን ተከትለው የሚበትኑባቸው ቦታዎች አሉ፤ ባልዲ ከተፈለገ እኔ አለኝ፣ ባዶ ነው። የተወላጁን ጅረትም አይንኩበት።

ይህ ሁሉ አይቻልም የሚሉ ከሆነ ግን፣ የሚቀጥለውን ሳምንት መንገድዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። ለማንም አልናገርም።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለ ሁለት ፈቃዱ አጥማጅ

ግልባጭ፦ ኮፍያዬ ላለበት ፒክአፕ