የሮም ደጅ ጠኚዎች ውዳሴ

ሮማውያን መንገድ ጠርገው፣ ውኃ በቅስት ድልድይ አሻግረው፣ ሕግ ደንግገው ዓለምን አስደነቁ ይባላል። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደምመኝ፣ ጎሕ ሳይቀድ በባለጸጋ ደጃፍ የሚኮለኮል ትጉህ ዜጋ ማፍራታቸው ነው። ደጅ ጥናትን የቦዘኔ ልማድ አድርገው የሚያሙ ሰዎች የዚህን ሕዝብ ታሪክ ቢያነቡ አፍረው ዝም ይሉ ነበር፤ በሮም ደጅ መጥናት ሳሉታቲዮ (የማለዳ ሰላምታ) የሚባል ስም፣ ቶጋ የሚባል ከባድ የሱፍ ልብስ፣ የቀኑ መጀመሪያ የሆነ የታወቀ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክፍያ ነበረውና።

ክፍያውን እናስላ። በአንደኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ለደጅ ጠኚ የሚታደለው የቀን ድርጎ ኳድራንስ በሚባለው ትንሽ ሳንቲም 100፣ ሴስተርስ በሚባለው ተለቅ ያለ ሳንቲም ደግሞ 6 ከሩብ ነበር። በዚያው ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥት ዶሚሺያን ደመወዙን ከፍ ካደረገለት በኋላ እንኳ፣ ተራው እግረኛ ወታደር በዓመት 1,200 ሴስተርስ ያገኝ ነበር፤ ይህም በቀን ሲካፈል ከ3 ሴስተርስ ጥቂት ያልፋል። ስለዚህ በዳኑብ ዳር በብርድ እየተንቀጠቀጠ ግዛቱን የሚጠብቀው ምስኪን፣ ድርጎው ሳይጓደል ከሚደርሰው ደጅ ጠኚ ጋር ሲተያይ የዕለት ገቢው እኩሌታውን ያህል ብቻ ነበር። ጋሻውን ጥሎ ደጅ ያልጠናው በስንፍናው መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ መልካም ሥራ ደግሞ ለድኻ ብቻ አይተውም። ገጣሚው ዩቬናል እንደሚተርከው፣ ፕሪተርና ትሪቡን የሚባሉት ሹማምንት ሳይቀሩ ተራ ይሻሙ ነበር። አንዱ ብልህ ባል ባዶ የሸክም ወንበር መጋረጃውን ዘግቶ ያስመጣና «ሚስቴ ናት፤ ቶሎ አሰናብቱን» ይላል። «እስቲ ብቅ ትበል» ሲሉት፣ «ተዉአት፣ ተኝታለች» ብሎ የሌለችውን ሴት ድርጎ ይጠይቃል። ለአገር ኢኮኖሚ ከዚህ የበለጠ ፈጠራ ከየት ይመጣል?

ጌቶቹም ቢሆኑ በልግስና አልታሙም። የእንግዳውን ስም በጆሯቸው ሹክ የሚል ባሪያ ስለነበራቸው፣ የወዳጅን ስም የማስታወስ ድካም አልነበረባቸውም፤ እልፍኙ ሲጨናነቅም አንዳንዶቹ በጓሮ በር ሹልክ ይሉ ነበር። ወዳጅን በማዕረግ ከፍሎ፣ አንዱን ለብቻው፣ ሌላውን ከጥቂቶች ጋር፣ የቀረውን በጅምላ የመቀበል ጥበብ መሥራች ደግሞ፣ ፈላስፋው ሴኔካ እንደሚለው፣ ከሊቪየስ ድሩሱስ ጋር ጋይየስ ግራከስ ነበር፤ ያው ለድኻው እህል በርካሽ ይሸጥለት ብሎ በ123 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሕግ ያስወጣው የሕዝብ ጠበቃ መሆኑ ነው።

ምርጫ ሲደርስ ይህ ጥበብ አበባው ይፈካ ነበር። በ64 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቆንስል ለሚባለው ከፍተኛ ሹመት ለተወዳደረው ለአንደበተ ርቱዑ ሲሴሮ በወንድሙ በኩዊንቱስ ስም የተጻፈው የምርጫ ምክር፣ አጃቢዎችን በሦስት ይከፍላል፤ ማለዳ ሰላም የሚሉ፣ ፎረም እስከሚባለው አደባባይ የሚሸኙ፣ የትም የሚከተሉ። ሰላም ባዩ ከሌላውም ተወዳዳሪ ቤት ስለሚዞር፣ ሊሸውድህ መሆኑን ብትሰማ እንዳልሰማህ ምሰል ይላል ጽሑፉ። ድምፅ በምስጢር መሰጠት ከጀመረ 75 ዓመት አልፎት ስለነበር፣ ማን ለማን እንደ መረጠ የሚያጋልጥ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች እየተሸዋወዱ በፍቅር ይሳሳቁ ነበር።

ኋላ በ14 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ምርጫውን ከሕዝብ ጉባኤ ወደ መኳንንቱ ሸንጎ፣ ወደ ሴኔቱ አዛወረው። ድምፁ የተወሰደበት ሕዝብ ግን ደጃፉን አልለቀቀም፤ ቶጋውን አጥልቆ በማለዳ መጉረፉን ቀጠለ፣ ሴናተሮቹም በበኩላቸው የቤተ መንግሥቱን ደጅ መጥናት ያዙ። እዚያ ደግሞ ሹመት የሚገኘው በነፃ በወጡ ባሮች አማላጅነት ሆነ። ከእነዚህ አንዱ ካሊስቱስ ነው፤ ቀድሞ ጌታው ከማይረቡ ባሮች ጋር ለገበያ አውጥቶ ሸጦት ነበር። ሴኔካ በዓይኑ እንዳየው፣ ያ የሸጠው ጌታ በካሊስቱስ ደጃፍ ቆሟል፤ ሌሎች ሲገቡ እርሱ ብቻ ተከልክሏል።