ዘፈኑ ሳያልቅ ብር አትስጧቸው

አምና የቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 አሥር ሰዓት አካባቢ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ስድስት ልጆች በራችን ላይ ቆሙ። ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬ ጀመሩ። አውራጁ ሁለት ስንኝ እንኳ ሳይል ባለቤቴ ሃምሳ ብር አውጥቶ ሰጣቸው። ተቀብለው ወደ ጎረቤት ሮጡ። የስድስት ዓመቱ ልጄ ሙልሙል ዳቦውን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ አለቀ እንዴ?» አለኝ።

ያቺ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። የከነከነኝ ብር መስጠታችን አይደለም። ሳንሰማቸው መሸኘታችን ነው።

ሆያ ሆዬ ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ዱላው ምቱን ይጠብቃል። ጎበዝ አውራጅ የአባወራውን ስም ጠይቆ እዚያው ግጥሙ ውስጥ ይከተዋል። ዓይን አፋሩ ልጅ በተቀባዮቹ መሀል ተደብቆ ድምፁን ያወጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምርቃት አለ። በኛ ሰፈር ግን ብዙዎቹ ልጆች ምርቃቱ ጋ ደርሰው አያውቁም፤ እኛው ትልልቆቹ እናቋርጣቸዋለን።

ለሙዚቃ ትምህርት ግን ገንዘብ አንሳሳም። ሴት ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ክረምት ኪቦርድ አስጀምረናት ነበር። ኪቦርድን አልጠላም። ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ይዛ መጣች። «ማሲንቆ ስንት ክር አለው?» ይላል። «አንድ» ብላ ጽፋ ነጥቧን አግኝታለች። ማሲንቆ ግን በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር። እኔ ደግሞ የተወለድኩት መንዝ ውስጥ ነው። በጣም አዘንኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ማሲንቆ የሚያስተምሯት ሰው ያገኘሁት። «ጋሼ» ትላቸዋለች። የመጀመሪያው ቀን ምንም አላስመቷትም። ደጋኑን ሰጥተው ጭራውን እጣን እንድታሸው ብቻ አደረጉ። ክሩም የደጋኑም ጭራ የፈረስ ነው፤ እጣን ካልነካው ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ኪቦርድ ላይ ቁልፉን ከተጫኑ ድምፁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ማሲንቆ አንገቱ ላይ ምልክት የለውም። ጣት በትንሹ ከፍ ዝቅ ካለ ድምፁ ይዛባል፤ በጆሮ ፈልጎ ማግኘት ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ደግሞ የጠዋት ብርድ የልጅ ጣት ያደነዝዛል። እፍ እፍ እያለች ታሞቀዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታችን እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል ከረመ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አምስቱን የትዝታ ድምፆች አከታትላ አገኘቻቸው። ፊቷን ብታዩት!

ጎረቤቴ ሰማች። «አንቺ ደግሞ፣ ልጅሽን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» አለችኝ። «ብትሆንስ?» አልኳት። በሠርጋችንና በክርስትናችን ጠርተን የምንጨፍርበትን ሙያ፣ ልጃችን ስትማረው የምናፍርበት ምክንያት አይገባኝም።

ግን ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ከሆነ ይደርቃል። በዓል ያስፈልገዋል። መስከረም 1 ቀን ልጆቹን ይዤ መሀል ሜዳ አያታቸው ጋ ሄጄ ነበር። ልጄና የጎረቤት ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ሊዘፍኑ ገቡ። አያታቸው ቡና ላይ ነበሩ። ረከቦቱን ገፋ አድርገው ተመቻችተው ተቀመጡ። ብር አላወጡም። ልጆቹ አንዱን ስንኝ ሲዘሉ «የለም፣ የለም፣ እሱ ኋላ ነው የሚመጣው» ብለው አስቆሟቸው። ራሳቸው አወረዱላቸው፣ እንደገና አስጀመሯቸው። መጀመሪያ ልጆቹ ተቁነጠነጡ። ቆይተው ግን እየሳቁ ደጋገሙት። ዳቦውም ብሩም የመጣው ካለቀ በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች።

ልጅ ደጅ መላክ የሚያስፈራ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። የሰላሙ ነገር እኔንም ያሳስበኛል። ስለዚህ ገና በጊዜ፣ ሰው ሳይበተን እንዲወጡ አደርጋለሁ፤ አብሬያቸውም እሄዳለሁ። በር ዘግቶ ቴሌቪዥን ላይ የቡሄ ዝግጅት ማሳየት ግን አይተካውም። ከልጆች ጋር ለበዓሉ መዘጋጀቱ ራሱ ያስተምራል። የከተማችን ስም በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ መሆኑን ለልጄ የነገርኩት ጅራፍ ስንገምድ ነው። ቡሄም የብርሃን በዓል ስለሆነ ነገሩ ገጠመልን። እጁ ገመዱ ላይ ባይሆን ኖሮ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሰማኝም ነበር።

ትምህርት ቤቶችም ለገና በዓል ከመዘጋታቸው በፊት አንድ ማሲንቆ መቺ ክፍል ውስጥ ቢጋብዙ ብዙ አያወጡም። ልጆቹ ክሩን ይንኩት።

አሁን ነሐሴ ገብቷል። እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ አርግቦታል፤ ጋሼ «እሳት አታስጠጉት፣ ሙቀት ብቻ ይድረሰው» ስላሉን ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ልጄ ዘንድሮ ተቀባይ ሆኖ ይወጣል። እህቱ በር ላይ ሆና ልታጅባቸው ትለማመዳለች። ባለቤቴ ደግሞ ብሩን ምርቃቱ እስኪደርስ ከኪሱ አያወጣም። ተነጋግረናል።