ስለ ፌሊክስ ኑስባውም፦ ሥዕሉንም እንየው እንጂ

ስለ አይሁዳዊው ጀርመናዊ ሠዓሊ ስለ ፌሊክስ ኑስባውም ለወጣው ጽሑፍ አመሰግናለሁ። ግን ስለ ኑስባውም ሲነሳ ሁሌም በናዚዎች የሞት ካምፕ በአውሽዊትዝ መገደሉ ይቀድማል፤ እዚህም ሥዕሎቹ በሁለት መስመር መታለፋቸው ቆጨኝ። ሰውየው እኮ ሠዓሊ ነበር!

እ.ኤ.አ. በ1943 አካባቢ ብራስልስ ተደብቆ የሳለውን የራሱን ምስል እስኪ ጊዜ ወስዳችሁ እዩት። በአንድ እጁ የካፖርቱን ኮሌታ ገለጥ አድርጎ ናዚዎች አይሁዶችን በግድ ያስለጥፉ የነበረውን ቢጫ ኮከብ ያሳያል፤ በሌላው "አይሁዳዊ" የሚል ቀይ ጽሑፍ ያረፈበት መታወቂያ ይዟል። ከኋላው ረጅም ግንብ፣ ቅርንጫፎቹ የተቆረጡ ዛፍ አለ። ዓይኑ ግን እኛው ላይ ነው። መታወቂያ አምጣ ያልነው እኛ እንመስላለን። እኔ ይህን ሥዕል ባየሁት ቁጥር ዓይኔን መስበር ያምረኛል።

ሌላው የተዘለለው ነገር፦ በ1940 ጀርመን ቤልጂየምን ስትወር የቤልጂየም ባለሥልጣናት ያሰሩት በጀርመናዊነቱ ነበር። ከናዚ የሸሸውን ሰው የጠላት አገር ዜጋ ብለው ደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሲፕሪያን ካምፕ ሰደዱት። አምልጦ ወደ ሚስቱ ወደ ፌልካ ፕላቴክ ተመለሰ። እሷም ፖላንድ የተወለደች ሠዓሊ ነበረች፤ በጽሑፉ ስሟ እንኳ አልተጠቀሰም።

በሚያዝያ 1944 አፅሞች በፍርስራሽ መሐል ሙዚቃ ሲጫወቱ የሚያሳየውን "የሞት ድል"ን ጨረሰ። ከሁለት ወር በኋላ ባልና ሚስቱ ከተደበቁበት ጣሪያ ሥር ተያዙ፤ ቤልጂየም ውስጥ ካለው የሜኽለን ማጎሪያ ካምፕ ወደ አውሽዊትዝ በሄደው የመጨረሻ ባቡር ተጫኑ።

ጀርመን ያላችሁ፣ የትውልድ ከተማው ኦስናብሩክ በስሙ የተሠራ፣ አርክቴክቱ ዳንኤል ሊበስኪንድ የነደፈው ሙዚየም አለ። ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት።